ጦሩን ፍለጋ ጌጋርድ አትሂድ

ወንድሜ፣ «የአርሜንያው ጌጋርድ ገዳም ልክ እንደ ላሊበላ ሙሉ በሙሉ ከአለት የተፈለፈለ ነው፣ ጌታ የተወጋበት ጦርም እዚያው አለ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ዋናው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1215 በተጠረበ ድንጋይ የተገነባ ነው። የተፈለፈሉት ከጎኑ ያሉት፣ ገደሉ ሆድ ውስጥ የገቡት ክፍሎች ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ዙሪያውን ትዞረዋለህ፣ እዚህ ግን ተራራው ውስጥ ነው የምትገባው፣ ብርሃኑም የሚወርደው ከጣሪያው ቀዳዳ ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ያለውን ቅርጽ እንዳታልፈው፤ የእንስሳ ራስ በአፉ በያዘው ሰንሰለት የታሰሩ ሁለት አንበሶች፣ ከሥራቸው ደግሞ ግልገል በጥፍሩ የጨበጠ ንስር አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን በገንዘብ የገዙት የፕሮሽያን መሳፍንት አርማ ነው። (አዎ፣ ገዳም ገዝተዋል!)

ጦሩ ድሮ እዚያ ነበር፣ ገዳሙም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው፣ ግርታው የሚመጣውም ከዚህ ይመስለኛል። አሁን ያለው ኤችሚያጺን ከተማ ባለው ሙዚየም፣ በ1687 በተሠራለት በወርቅ የተለበጠ የብር ማኅደር ውስጥ ነው። እውነተኛው ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ስለሆነ አልገባበትም።

ኤችሚያጺን ከዋና ከተማዋ ከየሬቫን በስተምዕራብ ነው፣ ጌጋርድ ደግሞ በምሥራቅ በኩል። ስለዚህ ጦሩን ማየት ከፈለግህ ሌላ ቀን መድብለት። የጌጋርዱን ቀን ከጋርኒ ቤተ መቅደስና ከሥሩ ካለው ሸለቆ ጋር አድርገው፤ መንገድህ ላይ ናቸው።