መብራቱን እዩ፣ መኪናው የ1958 አይደለም
አንድ ሰው በለጠፈው የአሮጌ ላንድሮቨር ፎቶ ሥር «የ1958 ላንድሮቨር» የተባለው ስህተት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የፊት መብራቶቹ ፓራፋንጎው ላይ ናቸው፤ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ግን ወደ መሀል ገብተው ራዲያተሩ ግራና ቀኝ ነበር የሚቀመጡት። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ፍርግርግ ደግሞ ገና የብረት ሽቦ ነው። በ1971 የወጣው ሲሪስ 3 የተባለው ሞዴል ፍርግርጉ ፕላስቲክ ነው፤ ስለዚህ ይሄ ከሱ በፊት ከነበረው ሞዴል፣ ከሲሪስ 2ኤ፣ የመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። «አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ቦዲው እሺ፣ ሻንሲው (ቦዲው የተቀመጠበት ከሥር ያለው አጽም) ግን ብረት ነው! ጭቃ ውስጡ ይጠራቀምና ዝገቱ ከኋላ በኩል ካለው ተሻጋሪ ብረት ይጀምራል። ሻንሲው በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጥርት ብሎ ካልጮኸ፣ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም ውስጡ ተበልቷል። አሉሚኒየሙም ቢሆን ከብረት ጋር በተያያዘበት ቦታ እርጥበት ካገኘ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል።