ጃዝን ለመቅበር የቸኮሉት ከበሮውን አልሰሙም

ሰሞኑን አንድ የሙዚቃ ድረ ገጽ የዘመናዊ ጃዝን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ያሳያሉ ያላቸውን መቶ አልበሞች ዘርዝሮ አወጣ። ዝርዝሩ ከ1940ዎቹ ይነሣና 1959 ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ያለው ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ሙዚቃ የት ገባ ተብለው የተጠየቁት አዘጋጅ ስህተታቸውን ያምናሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ይባስ ብለው ፍርድ ሰጡ። ጃዝ በዚያ ዓመት ተሟልቷል፤ ኤሌክትሪክ ሲገባ ጃዝ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ወይ ጫጫታ ወይ ንግድ ነው፤ አድማጭ የሸሸውም፣ ጭፈራ የቀረውም በዚሁ ሳቢያ ነው። በእሳቸው ቤት መዝገቡ ተዘግቷል።

እስቲ ከሒሳቡ እንጀምር። ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ ሦስት የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ተጫዋቾችንና አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች አሰልፎ «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» የተባለውን አልበም የቀረጸው በ1969 መጀመሪያ ነው። ከ1959 እስከዚያ ድረስ ወደ አሥር ዓመት ይጠጋል። እነዚህ ዓመታት ምን አጥፍተው ተቀበሩ? የሳክስፎን ተጫዋቹ የጆን ኮልትሬን ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) በ1964 መጨረሻ «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን ሲቀርጽ በተጫዋቾቹ እጅ የነበረው ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ቆሞ የሚመታ ቤዝና ከበሮ ብቻ ነው። ሶኬት ላይ የተሰካ አንድም መሣሪያ አልነበረም። አዘጋጁ ግን ይህንንም በኤሌክትሪክ ወንጀል ፈርደውበታል። ወንጀሉ ከመፈጸሙ በፊት ቅጣቱ ሲነበብ ያየሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኤሌክትሪኩስ ቢሆን ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነው? የቢባፕ፣ ማለትም ዘመናዊ ጃዝ የተጀመረበት የፈጣኑ ስልት፣ መፍለቂያ ተብሎ የሚጠራው በሃርለም 118ኛው መንገድ ላይ የነበረው የምሽት ክበብ ሚንተንስ ፕሌይሃውስ ነው። በ1941 አንድ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቅረጫውን ተሸክሞ እየሄደ በዚያ ቤት የሚጫወቱትን ቀርጿል። ከእነዚያ ቅጂዎች ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ማን ነው? ቻርሊ ክርስቲያን። መሣሪያውስ? ማጉያ ላይ የተሰካ ጊታር! ክርስቲያን በ1942 በ25 ዓመቱ ሲሞት ማይልስ ዴቪስ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። የዘመናዊው ጃዝ ሕፃን ዓይኑን ሲገልጥ ሽቦው እንግዲህ አልጋው ሥር ተዘርግቶ ነበር። በዚያው ዝርዝር ውስጥ በክብር የተቀመጠው የሞደርን ጃዝ ኳርቴቱ ሚልት ጃክሰን የሚመታው ቫይብራፎንም (የብረት ዘንጎችና ከሥራቸው ቱቦዎች ያሉት መሣሪያ) ያን የሚርገበገብ ድምፁን የሚያገኘው ከቱቦዎቹ አፍ ላይ ክብ ሳህኖችን በሚያሽከረክር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተሩ ሙሉ ልብስ ከለበሱ አራት ጨዋ ሰዎች ጋር ስለተቀመጠ አላዩትም መሰለኝ።

የኔ ጠብ ግን ከዚህ ይጠልቃል። ጃዝን 1959 ላይ የሚቆርጡ ሰዎች የሚሰሙት ከፊት የቆመውን ነው፤ ጥሩምባውን፣ ሳክስፎኑን፣ የታዋቂውን ሰው ስም። ታሪኩንም የሚጽፉት በዚሁ ልክ ነው፤ ፓርከር መጣ፣ ማይልስ ቀዘቀዘ፣ ኮልትሬን አበደ፣ ከዚያ ጊታር ገባና ሁሉም ተበላሸ። ወንበሩን አዙረው ከኋላ፣ ከከበሮው ዘንድ ቢቀመጡ ሌላ ታሪክ ይሰማሉ። ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፤ ዘመናዊ ጃዝ በመጀመሪያ የከበሮ መቺዎች ታሪክ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ዜማውም ኅብረ ድምፁም፣ ከበሮው በከፈተው በር የገባ ነው። ይህን ማጋነን የሚለኝ ካለ እስከ መጨረሻው ይስማኝና ይፍረድ።

ኬኒ ክላርክ በ1930ዎቹ መጨረሻ በቴዲ ሂል ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር። በዚያ ዘመን የከበሮ መቺ ሥራ የታወቀ ነው፤ ትልቁን ከበሮ በእግር አራት ጊዜ እኩል እየረገጡ ጨፋሪውን መምራት። ክላርክ ይህን ጊዜ የመጠበቅ ሥራ ከእግሩ አንሥቶ ወደ ቀኝ እጁ፣ ወደ ሲምባሉ (ወደ ናሱ ሳህን) ወሰደው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ምቱ ግን ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ እግሩም ነፃ ወጣ። ነፃ የወጣው እግርና የግራው እጅ ባልተጠበቀ ቦታ ጣል ማድረግ ጀመሩ፤ ሙዚቀኞቹ «ቦምብ መጣል» አሉት። ሂል አልወደደውም። ክሉክ ሞፕ እያልክ ጨፋሪውን ታሰናክልብኛለህ ብሎ አባረረው። «ክሉክ» የሚለው ቅጽል ስም ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ተከትሎታል።

ከዚህ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚመታ ብቻ ይከታተሉ። ከ1942 እስከ 1944 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከልክሎ ስለነበር የቢባፕ ልጅነት ከጥቂት ቅጂ በቀር ሳይቀረጽ አለፈ። በ1945 መጨረሻ ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር «ኮኮ»ን ሲቀርጽ ከኋላው የተቀመጠው የ21 ዓመቱ ማክስ ሮች ነው። ያን ፍጥነት የሰማ ሰው እሳት ነው ይለዋል። አሁን በ1949 እና በ1950 የተቀረጹትን፣ በኋላ «በርዝ ኦቭ ዘ ኩል» ተብለው የተሰበሰቡትን የማይልስን የዘጠኝ ሰዎች ባንድ ሥራዎች ይስሙ፤ ቱባው፣ ፍሬንች ሆርኑ፣ ያ ሁሉ እርጋታ። ከበሮ መቺው ማን ነው? ያው ማክስ ሮች። እሱ በሌለበት ቀንስ? ኬኒ ክላርክ። መጻሕፍቱ ጠበኛ ጎራዎች አድርገው የሚያቀርቧቸው ቢባፕና ኩል በአንድ እጅ ተመትተዋል። ጎራው ያለው በሸክላው ሽፋን ላይ ነው።

አርት ብሌኪን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ከቢባፕ ቀጥሎ የመጣው ስልት ሀርድ ባፕ ማለት እሱና ፒያኖው ላይ የነበረው ሆራስ ሲልቨር ናቸው፤ ባንዱም ሊ ሞርጋንን፣ ዌይን ሾርተርን፣ ፍሬዲ ሃባርድን፣ ኋላም ዊንተን ማርሳሊስን ያሠለጠነ ትምህርት ቤት ነበር። ርእሰ መምህሩ ከበሮ መቺ የሆነበት ትምህርት ቤት።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ ተቀደሰው 1959 እንምጣ። የማይልስ አልበም «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ድንቅ ነው፤ በዚህ ከአዘጋጁ ጋር አልጣላም። ከውስጡ «ሶ ዋት» አሥራ ስድስት ባር (የምት ክፍል) በአንድ ቅኝት ይሄዳል፣ ስምንት ባር በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ስምንት ባር ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ በቃ። ዜማው ካለቀ በኋላ ማይልስ ሶሎውን (የብቻ ጨዋታውን) ሊጀምር ሲል ከበሮ መቺው ጂሚ ኮብ ሲምባሉን አንድ ጊዜ ይመታዋል። ያ ድምፅ ቶሎ አይሞትም፤ እየሰፋ፣ እየሳሳ ይቆያል፤ ጥሩምባውም በዚያ ጭላንጭል ውስጥ ይገባል። በእኔ ጆሮ አልበሙን ዘላለማዊ ያደረገው ያ አንድ ምት ነው። አዘጋጁ የኮብን ሲምባል የመዝጊያ ደወል አድርገው ሰሙት፤ እኔ የመክፈቻ እለዋለሁ።

በዚያው ዓመት እኮ ሳክስፎኒስቱ ኦርኔት ኮልማን ያለ ፒያኖ ኒውዮርክ ፋይቭ ስፖት ክበብ ገብቶ ከተማውን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ያለፈውን ሁሉ አፈረሰ እየተባለ የሚከሰሰው እሱ ነው። በ1960 መጨረሻ የተቀረጸውን «ፍሪ ጃዝ» በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ሁለት ኳርቴቶች በአንድ ላይ ይጫወታሉ፤ በግራ ጆሮ ቢሊ ሂጊንስ፣ በቀኝ ጆሮ ኤድ ብላክዌል ይመታሉ። ብላክዌል የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው፤ እጁ ውስጥ ያለው የዚያች ከተማ የጎዳና ሰልፍ ምት ነው። አፍራሽ የተባለው ባንድ የጃዝን የትውልድ ስፍራ ምት ተሸክሞ ነበር የሚሄደው! ጫጫታ ባዮቹ ይህን ያልሰሙት ከፊት ያለው ሳክስፎን ስላስደነገጣቸው ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ።

ድንጋጤው ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1961 የዳውን ቢት መጽሔት ሐያሲ ኮልትሬንና ኤሪክ ዶልፊ የሚጫወቱትን «ፀረ-ጃዝ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በፊት ሉዊ አርምስትሮንግ ራሱ ቢባፕን አጣጥሎታል። ያን ጊዜ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ቢኖር 1939 ላይ ይዘጋው ነበር፤ እኚህ አዘጋጅም ዛሬ የሚሰግዱለትን ሁሉ አያገኙትም ነበር። ፀረ-ጃዝ ከተባለው ኮልትሬን ኋላ የነበረው ኤልቪን ጆንስ ምቱን አይቆጥርልዎትም፤ በሦስት በሦስት እየከፈለ ያንከባልልዎታል። የት እንደጀመረ ሳያውቁ ወገብዎ ያውቀዋል።

የነገሩ እንብርት ግን ቶኒ ዊሊያምስ ነው። በ1963 ማይልስ ሲወስደው 17 ዓመቱ ነበር። በ1967 ዌይን ሾርተር የደረሰውን «ነፈርቲቲ» ቀረጹ። ጥሩምባውና ሳክስፎኑ ያንኑ ዜማ ይደጋግሙታል፤ ደግመው፣ ደግመው፣ ደግመው፤ ሶሎ የላቸውም። ከሥራቸው ግን ቶኒ ይፈላል፤ ይሰብራል፣ ይሠራል፣ ይተዋል፣ ይመለሳል። ከፊት ያሉት አጃቢ ሆኑ፤ አጃቢው ከፊት ወጣ። ክላርክ እግሩን ከትልቁ ከበሮ ባነሣበት ቀን የተጀመረው መንገድ ያደረሰው እዚህ ነው፤ ያውም አንድ ሽቦ ሳይሰካ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ልጅ «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» ላይ በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ለአሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል ሃይሃቱን (በእግር የሚከደነውን ጥንድ ሲምባል) ብቻ ይዞ ይቆያል። ሁሉን መምታት የሚችል እጅ አንድ ነገር ብቻ መረጠ። በዚያው ዓመት ከጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊንና ከኦርጋኒስቱ ላሪ ያንግ ጋር «ላይፍታይም» የተባለውን ባንድ መሠረተ። በነሐሴ ማይልስ «ቢችስ ብሩ»ን ሲቀርጽ ጃክ ዲጆኔትንና ሌኒ ዋይትን፣ ሁለት የድራም ተጫዋቾችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አሁን ንገሩኝ፤ ስብራቱ የቱ ጋ ነው? በየትኛው ሲምባል ላይ ነው ጃዝ የወጣው?

አንድ ነገር ልመን። በ1970ዎቹ ፊውዥን ከተባለው፣ ጃዝን ከሮክ ከቀላቀለው ሙዚቃ ውስጥ ብዙው ጣቱ እንጂ ልቡ የማይሮጥ ነው፤ ፍጥነት ማሳያ ሆኖ የቀረ አለ። ደግሞስ ከ1959 በፊት አሰልቺ ጃዝ አልነበረም? ሸክላው አልቆ ስለተጣለ ነው እንጂ ሞልቶ ነበር።

አድማጭ ሸሸ ለሚለው፣ የኸርቢ ሃንኮክ የ1973ቱ «ሄድ ሃንተርስ» ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። ያን ጊዜ ደግሞ ንግድ ነው ይሉናል፤ ካልተሸጠ ጫጫታ፣ ከተሸጠ ንግድ! ጭፈራውንም ኤሌክትሪክ አላስቀረውም። በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ዘፈንና ጭፈራ ባለባቸው የምሽት ክበቦች ገቢ ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ፤ በዚያው ዓመት ወደ 20 ቢያወርደውም ብዙ ክበብ ጭፈራውን ትቶ ተቀምጦ የሚደመጥ ትንሽ ባንድ ማስገባት ጀመረ። ጨፋሪውን ከወለሉ ያስወጣው የግብር ሰብሳቢው ደረሰኝ ነው፤ ይህም አዘጋጁ ከሚወዱት ዓመት አሥራ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው።

ሰንሰለቱ ዛሬም አልተበጠሰም። የዲትሮይቱ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ጄይ ዲላ በመሣሪያ የሚቀነባበር ምቱን ማሽኑ እንዲያስተካክለው አይፈቅድም ነበር፤ ምቱ ትንሽ እያነከሰ እንዲሄድ ይተወዋል። ፒያኒስቱ ሮበርት ግላስፐር በ2012 ባወጣው «ብላክ ሬዲዮ» ላይ ክሪስ ዴቭ ያንን ማነከስ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ይመታዋል፤ ሰውን ለመምሰል የደከመን ማሽን መልሶ ሰው ሲመስለው ማለት ነው። ኬኒ ክላርክ በሕይወት ቢኖር ምን እየተደረገ እንደሆነ በአራት ባር ውስጥ ይገባው ነበር። በ2014 በምርጥ የጃዝ የመሣሪያ አልበም ዘርፍ ግራሚ በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ቴሪ ሊን ካሪንግተንስ ምን ትጫወታለች? ከበሮ።

የቴዲ ሂልን ነገር አልጨረስኩም። ባንዱ ፈረሰና በ1940 የሚንተንስ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ለቤቱ ባንድ መሪ ሲፈልግ ሰው አስልኮ ያስጠራው ያንኑ ጨፋሪ ታሰናክልብኛለህ ብሎ ያባረረውን ኬኒ ክላርክን ነው። እንደፈለግህ ምታ አለው።