የቀን ሠራተኛውን ሳንባ ማን ያስመርምረው?

በአያት ወይም በሰሚት በኩል ካለፋችሁ ሴራሚክ የሚቆርጥ ልጅ ሳታዩ አትቀሩም። ግራይንደሩን ይዞ ተንበርክኳል። አፍንጫውን በሻሽ አስሯል። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ነጩ አቧራስ ሲታጠብ ይለቃል። የሚያስፈራው ከሴራሚኩ የሚወጣው፣ ዓይን የማያየው የሲሊካ (በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ያለ ማዕድን) ብናኝ ነው። ሻሹን አልፎ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ተቀምጦ ጠባሳ ይሠራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የያዘው ሰው ደግሞ ለቲቢ በቀላሉ ይጋለጣል።

ሠራተኞቹ ለአቧራ ወተት ፍቱን ነው ይላሉ። ወተት የሚገዛላቸው አሠሪም አለ፤ አሳቢነቱ ያስመሰግነዋል። ወተት ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ሳንባ አይደርስም።

ሕጉማ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደገኛ ሥራ ላይ ያለን ሠራተኛ አሠሪው እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። የትኛው አሠሪ? ልጁ ዛሬ እዚህ ሕንጻ ላይ ነው፣ በወሩ ሌላ ሰፈር። ሂሳቡን የሚሰጠው ሰብ ኮንትራክተሩ ወደ ኮንትራክተሩ ይጠቁማል፣ ኮንትራክተሩ ወደ ባለቤቱ። ከዓመታት በኋላ ማሳል ሲጀምር አንዳቸውም አጠገቡ የሉም።

ስለዚህ ምርመራው ሠራተኛውን ይከተል። አሜሪካ ውስጥ የኒውክሌር መሣሪያ ማምረቻዎችን የገነቡ ሠራተኞች ሥራውን ከለቀቁ በኋላም በመንግሥት ወጪ በየ3 ዓመቱ መመርመር ይችላሉ። የቀጠራቸው ድርጅት ቢዘጋ እንኳ መብታቸው አይቀርም።

እኛም አገር ይቻላል። የደረት ራጅ፣ የትንፋሽ አቅም መለኪያና፣ ለግራይንደሩ ጩኸት ደግሞ፣ የጆሮ ምርመራ ይበቃል ለመጀመሪያ። ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ ብሎ መተው አያዋጣም። ወረፋ ሲጠብቅ የዋለ የቀን ሠራተኛ የዕለት ገቢውን ያጣል፤ ለሱ ያ ምርመራ ነጻ አይደለም። መመርመሪያ የተገጠመለት መኪና ራሱ ሳይቱ ድረስ ይምጣ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ውጤቱ በሠራተኛው እጅ ብቻ ይሰጥ። ፎርማኑ ጋ ከደረሰ «ሳንባህ ታሟል» የሚለው ወረቀት «ነገ እንዳትመጣ» ይሆንበታል። ይህን እየፈራ ማን ይመረመራል?

ገንዘቡስ? ከተማ አስተዳደሩ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ እንደ ሕንጻው ስፋት ትንሽ ተቆራጭ ይያዝ። ለዚያ ሁሉ ሴራሚክና መስታወት የሚከፍል ባለሕንጻ ለዚህ አቅም አያጣም።