ጣሪያ የሌለው ጣሪያ

የአሜሪካ የእርሻ ድጎማ ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ስሙ ለትንሹ ገበሬ፣ ገንዘቡ ለባለ ሰፊ መሬት! ለአንድ ሰው በዓመት 125,000 ዶላር ጣሪያ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 155,000 ከፍ አደረጉት። ይሁን። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ የአጎት ልጁን፣ የእህት ልጁን፣ የወንድም ልጁን ሁሉ የቤተሰብ እርሻ አባል አድርጎ ቆጠረ። ከተማ ተቀምጦ «በአስተዳደሩ እሳተፋለሁ» ያለ ሁሉ የራሱን ጣሪያ ይዞ ይሰለፋል። ታዲያ ይህ ምኑን ጣሪያ ሆነ? ክፍያው የሚሰላው ቀድሞ በተመዘገበ መሬት ስለሆነ ደግሞ ዘንድሮ አንድ ፍሬ ስንዴ ያልዘራም የስንዴ ድጎማ ይቀበላል። ከብት አርቢውስ? የድርቁን ክብደት በቀለም የሚያሳየው ካርታ የካውንቲውን፣ ማለትም የወረዳ ያህል የሆነውን አስተዳደር፣ አንድ ጥግ ካቀላ፣ ዝናብ የጠገበው ጎረቤት ሳይቀር ይካሳል፤ ከካውንቲው ድንበር ማዶ ያለው ግን ሣሩ እያረረ ባዶ እጁን ይቀራል።