ማስተካከያ፦ በ12 ወሩ ያልሄደ ልጅ ዘገየ አይባልም

በጅማ ወላጆች መካከል በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተው መልእክት «ልጅ 12 ወር ሞልቶት ካልሄደ ዘግይቷል» ይላል። ይህ መታረም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ጋናን ጨምሮ በአምስት አገሮች ባካሄደው ጥናት፣ ጤናማ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የጀመሩት ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዓመቱ ወንበር ይዞ የሚነሳ፣ ግድግዳ ተደግፎ ወደ ጎን የሚሄድ ልጅ መንገዱን ይዟል። 18 ወር አልፎት ካልሄደ ግን፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

«ሁለት ቋንቋ ልጅን ያዘገያል» መባሉም ስህተት ነው። ቤት አማርኛ፣ ጎረቤት አፋን ኦሮሞ የሚሰማ ልጅ ቃላቱ ከሁለቱም ተደምረው ይቆጠሩለታል። «ቢሻን ስጪኝ» (ቢሻን በአፋን ኦሮሞ ውኃ ማለት ነው) ካለ ሁለት ቃል አገናኝቷል፤ በ2 ዓመት የሚጠበቀውም ይኸው ነው። እናቶች በዚህ ሰበብ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ለልጃቸው እንዳይነፍጉ እለምናለሁ።

ባለጎማ መራመጃ ግዙለት የሚለው ምክርም ይቅር። ልጁን ቶሎ አያስኬደውም፤ ከደረጃም ይጥለዋል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ያገደችው ለዚሁ ነው።