ሴንተርን በሜትር መለካት ይብቃን!

እስኪ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍሰው። በየዓመቱ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ከኮሌጅ በተራ የሚመርጡበት ቀን ሲቃረብ አንጀቴ ያርራል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ የባልቲሞር ሬቨንስ ክለብ ደጋፊ ነኝ። ሥራ ቦታ በሉት ቴሌቪዥን፣ ወሬው አንድ ነው፦ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ክንዱ አጭር ነው።»

ስለ ሴንተር ነው የማወራው። አሜሪካን ፉትቦል ለማታዩ፣ ኳርተርባኩን (ኳሷን የሚወረውረውን፣ ጨዋታውን የሚመራውን) ከሚጠብቁት አምስት ግዙፎች መሀለኛው ነው። ጎንበስ ብሎ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ የሚልካት እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይቺን ብቻ ነው። ባለፈው አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ኳስ ማቀበል ደግሞ ምን ይከብዳል?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ምን እንደሚከብድ ልንገራችሁ። ኳሷ ሳትነሳ የተጋጣሚን አሰላለፍ ያነባል። ማን የምሩን ሊመጣ እንደሆነ፣ ማን እያስመሰለ እንደሆነ ይለያል። በጣቱ እያመለከተ ማን ማንን እንደሚይዝ ለጓደኞቹ ይናገራል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ነው። በሰው ሜዳ ከሆነ ጩኸቱ ጆሮ ስለሚያደነቁር በራስ ንቅናቄና በመነካካት ነው የሚግባቡት። ከዚያ ኳሷን አምስት ያርድ ያህል ወደ ኋላ በአንድ እጁ ይልካል። እጁ ገና ሳይመለስ 150 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረቱ ላይ ያርፍበታል።

ይሄን በየትኛው ሜትር ነው የምትለኩት?

ታይለር ሊንደርባም እ.ኤ.አ. በ2022 ከአዮዋ ሲመጣ ክንዱ 31 ኢንች ከትንሽ ነው ተብሎ ስንት ተወራ! ኮሌጅ ውስጥ የሠራው ሥራ ተረሳ። ሬቨንስ በ25ኛ ተራ ወሰደው። በ2023ም በ2024ም ለፕሮ ቦውል፣ ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ፣ ተመረጠ። ጄሰን ኬልሲን ደግሞ በ2011 «ቀላል ነው» አሉት፣ 127 ኪሎ ገደማ ስለነበር። 190 ተጫዋቾች ተጠርተው ካለቁ በኋላ ነው ስሙ የተጠራው። ፊላደልፊያ 13 ዓመት ተጫወተ፣ ስድስት ጊዜ የሊጉ አንደኛ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። ክሪድ ሃምፍሪም በ2021 63ኛ ነበር። ከሱ በፊት 62ኛ ሆኖ የተጠራው ራሱ ሌላ ሴንተር ነው! ካንሳስ ሲቲ በ2024 ለሃምፍሪ የ4 ዓመት የ72 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት።

ክንድ ምንም አይሠራም አልልም። እጁ ቀድሞ የደረሰ ሰው ግፊያውን ያሸንፋል፣ እውነት ነው። ግን አያቴ በሬ ሲገዛ ቀንዱን ለክቶ አልነበረም። ቀንበር ስር አስገብቶ፣ ሲስብ አይቶ፣ ባለቤቱን ጠይቆ ነበር። ሴንተርም እንደዚያው ይታይ። ተከላካዮች ቦታ ሲቀያየሩበት ምን አደረገ? ወደ ኋላ ሲገፋ እግሩን ተክሎ መቆም ይችላል? ጥሪውን የሚያደርገው እሱ ነው ወይስ ኳርተርባኩ? ስለዚህ የሚያወራ ሰው አጣሁ።

ሊጉ ራሱም አልረዳቸውም። በድራፍቱ አንደኛ ዙር ለተመረጡ ልጆች የአምስተኛ ዓመት አማራጭ (ክለቡ ውሉን በአንድ ዓመት የማራዘም መብት) ሲሰላ፣ ሴንተርና ታክል (ከአምስቱ ዳርና ዳር የሚቆሙት) በአንድ ዋጋ ነው የሚታዩት። ዋጋውን የሚያስወድዱት ታክሎቹ ናቸው። ስለዚህ ክለብ «ለሴንተር ይሄን ያህል?» ብሎ ይተዋል። ሬቨንስ በ2025 የሊንደርባምን አማራጭ የተዉት ዋጋው ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ነው። ልጁ ምን አጠፋ?

ስማቸው የሚነሳው ደግሞ ሲሳሳቱ ነው። በ2014 ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) የመጀመሪያዋ ኳስ በዴንቨር ኳርተርባክ በፔይተን ማኒንግ በኩል አልፋ ስትሄድ፣ በ12 ሰከንድ ውስጥ ሲያትል 2 ነጥብ አገኘ። ዴንቨር 43 ለ 8 ተሸነፈ። በጩኸቱ ምክንያት የተፈጠረ አለመግባባት ነበር። ሰው ግን እስከ ዛሬ ሴንተሩን ነው የሚያነሳው። ያ ሰው በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ በትክክል እንዳቀበለ የሚጠይቅ የለም።

እሁድ እሁድ ጨዋታ ሳይ ካሜራው ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል። እኔ ወደ ኋላ መልሼ መሀል ላይ ያለውን ሰውዬ አየዋለሁ። አንዳንዴ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ኳርተርባኩ ግን ቆሟል።