«አብሽር፣ ቀላል ነው» ያላችሁኝ ሁሉ ኑና እዩ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነው። ሚስቴ ልትቀና ምንም አልቀራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር በሬዲዮ ከሰው ጋር መገናኘት) ፈቃድ ያለው ወዳጅ አለኝ። ሲነጋ ሞርስ፣ ሲመሽ ኢቲ3ኤኤ (የክበባቸው ጣቢያ መጠሪያ) የሚል ሰው ነው። አሮጌ ሬዲዮውን አመጣልኝና «እንደው ከተጣለ ኮምፒውተር ፓወር ሥራልኝ» አለኝ። ሬዲዮው 13.8 ቮልት ነው የሚፈልገው። ሲያዳምጥ ጾመኛ ነው፣ አንድ ሁለት አምፔር ይበቃዋል። በ100 ዋት ሲያስተላልፍ ግን 20 አምፔር ገደማ ይውጣል። እኔም ጅሉ እሺ አልኩ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከጨረታ የወጣ ኮምፒውተር የሚፈታታ ሰውዬ ዘንድ ክምሩን በረበርኩና «500 ዋት» የሚል አገኘሁ። «ይሠራል?» ስለው «አብሽር!» አለኝ። በሚኒባስ ሐረጎን ስንወጣ እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሳይቀር «እሱማ ቀላል ነው፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ማገናኘት ነው» አለኝ። ወሎ ውስጥ አረንጓዴና ጥቁሩን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።

እውነቱን ነው፣ ይነሳል። ፋኑ ዞረ። ቢጫው ሽቦ ላይ ቴስተር ሳደርግ 12.1 አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አይነግርህም።

መጀመሪያ ጽሑፉን አነበብኩት። ከላይ በትልቁ 500 ዋት። ከታች በጉንዳን ፊደል 12 ቮልቱ 18 አምፔር። 216 ዋት ማለት ነው፣ ያውም ካልዋሸ! የቀረው ሬዲዮው ለማይነካቸው ለ5 እና ለ3.3 ቮልቶቹ ነው።

ልፈትነው ብዬ ጋራዥ ሄድኩና ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ለመንኩ፣ አራት ሰጡኝ። አራቱንም አንዴ ስሰካቸው ቲክ አለና ጠፋ። ቀዝቃዛ አምፖል ሲነሳ ከሚገባው ብዙ እጥፍ ይስባል። አንድ በአንድ ሳበራቸው ደግሞ ሦስተኛው ላይ ቮልቱ 11.4 ገባ። ሬዲዮው ከ11.7 በታች ኩርፊያ ነው የሚያውቀው። ሱቄ ግን እንደ ሠርግ ቤት በርቷል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፣ አንዱ «ምን ልትሸጥ ነው?» አለኝ።

እሺ፣ ቮልቱን ከፍ ላድርገው። ውስጡ ቲኤል 494 የምትባል አይሲ (ትንሽ ቺፕ) አለች። የሚወጣውን ቮልት በሬዚስተሮች በኩል እየለካች የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ሬዚስተር ቀየርኩ። 12ቱ ወደ 13 ሲወጣ 5ቱም ተከትሎት ወጣ። ቮልት ሲበዛ የሚያጠፋው የራሱ መከላከያ አየና ቲክ! ዘጋው። ዝቅ ሳደርገው ይነሳል፣ ከፍ ሳደርገው ቲክ። ሁለት ቀን በዚህ አለቀ። ነቅዬዋለሁ ብዬ እጄን ሳስገባ ደግሞ ኮረንቲ ያዘኝ። 220ው ተቀይሮ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ ወደ 310 ቮልት ይጠራቀማል፣ ሶኬቱ ተነቅሎም ይቆያል። ክርኔ እስከ ማታ ይነዝረኝ ነበር። ጎረቤቴ መጥቶ አየኝና ምን አለኝ መሰላችሁ? «አብሽር።»

ይሄ ሁሉ ግን ከጩኸቱ አይብስም። ለማዳመጥ ብቻ ይሁን ብዬ ሬዲዮውን ሰካሁ። ማታ ነው፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዷል፣ ከተማው ጭጭ ብሏል። 7 ሜጋኸርዝ ላይ ሳደርገው ዝዝዝዝዝ፣ የወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው። ፓወሩን ነቅዬ የመኪና ባትሪ ላይ ሳደርገው ጸጥ አለ፣ ከሥሩ የሞርሷ ዲት ዳ ዲት ብቅ አለች። መልሼ ፓወሩ ላይ፣ ወፍጮ ቤት።

ክዳኑን ፈትቼ የመብራቱ ገመድ የሚገባበትን ጥግ አየሁት። ቦርዱ ላይ የጩኸት ማጣሪያው ጥቅል ቦታ ተሥሏል፣ ቀዳዳው አለ፣ ጥቅሉ የለም! በምትኩ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ዘርግተው በይደውበታል። ቦታውን አዘጋጅተው ዕቃውን በሉት። ቤት ሠርቶ በር መርሳት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ወዳጄ በየቀኑ ይደውላል። «ባትሪ ግዛ» እለዋለሁ፣ «ኧረ ፓወሩ ቀላል ነው ሲሉ ሰማሁ» ይለኛል። ከማን እንደሰማ ባውቅ!

ለማንኛውም ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ከተበላሸ ፓወር ወይም ቴሌቪዥን ውስጥ ሽቦ የተጠቀለለበት ጥቁር ቀለበት ካላችሁ አትጣሉት፣ የጎደለውን የጩኸት ማጣሪያ ልሠራበት ነው። የአሮጌ ሞኒተር ገመድ ላይ ያለችው ጉብታም ትሆነኛለች። መጥቼ እወስዳለሁ፣ ቡናም እጋብዛለሁ። ኮሜንት ላይ «አብሽር» የሚጽፍ ግን ያቺን አራተኛ አምፖል በእጁ ይዞ ይምጣ።